ጉጠት የራራችለት ጉልበት

ታካሚዎቿ «ጉጠት» ይሏታል፤ ከያዘች አትለቅማ። ሥራዋ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት ነው፤ ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ እሷ ትጀምራለች። የተከፈተ ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያመመውም ቢሆን ካልታጠፈ፣ ጠባሳው ውስጥ ለውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይይዘውና ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን እግሩን እንደ ዱላ ሲጎትት ይኖራል። ስለዚህ ጉጠት ጩኸት አትሰማም። «አልቅሱ፣ ግን እጠፉ» ትላለች።

አንድ ጠዋት በሁለት ክራንች ተንጠልጥሎ፣ ሚስቱን አስከትሎ የገባውን ሽማግሌ ስታይ ግን የያዘችው ፎጣ ከእጇ ወደቀ። ፊሽካ ነበር።

ፊሽካ ከአፉ ስለማይለይ «ፊሽካ» የሚሉት ይህ ሰው እሷ ትሠራበት የነበረው የልብስ ፋብሪካ ሯጮች አሠልጣኝ ሳለ፣ ከሯጮቹ ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ቀን ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፣ ከሥራ መልስ ትሮጣለች። አንድ ቀን ጉልበቷ አብጦ «አሠልጣኝ፣ አልቻልኩም» ብትለው፣ ቡድኑን ሰብስቦ «ተመልከቱ፣ ተዋናይ መጣችልን! ሕመም የሰነፍ ሰበብ ነው» እያለ አሳቀባትና በፊሽካ እየነዳ አስሮጣት። ኩርባው ላይ ጉልበቷ ቋ ብሎ ከዳት። በሳምንቱ መለያዋን ለሌላ ልጅ ሰጠው። ሩጫ በዚያው ቀረ። እንደገና መራመድ ያስቻላትን ባለሙያ አይታ ይህን ሙያ ተማረች፤ ቂሟን ግን አሽቶ ያለዘበላት አልተገኘም።

የፊሽካ ሕመም ብዙ ሰው የማይገጥመው ነው። የጉልበቱ መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ያለ ልክ እየፋፋ፣ ዝገት የመሰለ ሥጋ አብቅሎ፣ ለዓመታት «ሪህ ነው፣ እርጅና ነው» ሲባል ኖሮ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ከፊትም ከኋላም ከፍቶ ጠርጎ አወጣለት።

አላወቃትም። «አደራ ልጄ፣ ቀስ» አላት።

ያዘችው። ጩኸቱ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን ሁሉ ዝም አሰኘ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለዓመታት ስታላምጠው የኖረችውንም ቃል ወረወረችለት፦ «ሕመም የሰነፍ ሰበብ ነው፣ አባት!»

«እውነትሽን ነው!» አለ ላቡን እየጠረገ፤ ጭራሽ ሳቀ። «እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የምላቸው!»

ቃሉ ጆሮው ገባ እንጂ ልቡ አልደረሰም። ይሄ ነው ያንገበገባት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ሌላ መላ መጣላት፦ መራራት።

በማግሥቱ ሙቅ ፎጣ ጣል አደረገችለት፣ አሸችው፣ ጥቂት አጠፍ አድርጋ «በቃ፣ ዛሬ ይረፉ» አለችው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

«እጅሽ ይባረክ! ጉጠት ያሉሽ ምቀኞች ናቸው» አለ ፊሽካ።

«ልጅ ይውጣልሽ፣ እህቴ» ብላ ሚስቱም መረቀቻት።

ጉጠት ፈገግ አለች። በመዳፏ ሥር ጉልበቱ መያዝ ጀምሯል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይነክሳል። ሌላ ሳምንት እንዲህ ከራራችለት አበቃለት። ማንም አያውቅባትም።

ሕሊናዋ ወቀሳት ቢባል ውሸት ነው። ያስጨነቃት ሌላ ነው፦ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን እያነከሰ፣ «ማን ነው ያከመህ?» ሲባል «ጉጠት፤ እንዴት ያለች ደግ!» ሊል ነው። የተበላሸ ሥራ በስሟ ሊዞር፣ እሷም በፊሽካ ምርቃት ልትኖር! ደግሞስ፣ የተበቀልኸው ሰው መበቀልህን ካላወቀ ምኑን በቀል ሆነ?

በማግሥቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አላወቅኸኝም?»

ሚስቱ በ«አንተ»ው ደንግጣ ቀና አለች።

«ተዋናይዋ ነኝ። ኩርባው ላይ የወደቅኩት።»

ፊሽካ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ጉልበቷን አየ። «ቁልፍ የምትተክለዋ...»

«እሷው። ሰሞኑን አዝኜልህ መሰለህ? እግርህ እንዲደርቅ ነው። እዚያኛው ክፍል ሌላ ባለሙያ አለ፣ በማንም ቂም የለውም፤ ከፈለግህ አሁኑኑ አሻግርሃለሁ። እኔ ጋ ከቀረህ ግን አሳምምሃለሁ፤ ደስም ይለኛል።»

«ኧረ ተነሥ እንሂድ!» ሚስቱ ክራንቾቹን አፈፍ አደረገች።

ፊሽካ አልተነሣም። «ይታጠፋል?»

«በኔ እጅ? ሳይወድ በግዱ!»

ፎጣውን ጠቅልሎ ነከሰና እግሩን ሰጣት።

ጉጠት እጅጌዋን ሰበሰበች። ያዘች፤ ገፋች። የሚነክሰው ቦታ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ውስጡ እንደሚቀደድ ጨርቅ ተተርትሮ አለፈ። የፊሽካ እንባ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ሚስቱ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ፎጣውን ካፉ አውጥቶ «ልጄ፣ ይቅር...» ሲል፣

«አቆየው» አለችው ተረከዙን ሳትለቅ። «ገና መች ጀመርኩና! ተንፍስ።»