ከእሳተ ገሞራ ደሴት የመጣችው እባብ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ ተሳቢ እንስሳት በሚታዩበት አንድ ቤት መስታወት እጠርግ ነበር። አገሬ ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር ከቢሮ ጽዳት ይልቅ ይህኛው ደስ ይለኝ ነበር። አንዲት ትንሽ እባብ በተለይ እወድ ነበር። ከእርሳስ የማትወፍር፣ ሰው የማትነካ፤ የምትገኘውም እሳተ ገሞራ ከባሕር ባወጣቸው ጥቂት ደሴቶች ላይ ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት በሰዓት እየተከፈለኝ፣ ሲፈልጉኝ ብቻ እየተጠራሁ ከሠራሁ በኋላ ቋሚ ሥራ፣ እኛ ስደተኞቹ በስዊድንኛው «ፋስት» የምንለውን፣ ሰጡኝ። እሑድ ሃግሴትራ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ፣ አብሬያቸው ከምዘምረው መዘምራን መካከል ለምስክርነት ተነሣሁ። እንደ ሰው «ጌታ ሥራ ሰጠኝ» ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። አስተማሪነቴ አልለቅ ብሎኝ የፈጣሪን ጥበብ ላስረዳ ብዬ እባቧንና ደሴቶቿን አነሣሁ። አሜን ሲል የነበረው አዳራሽ ማጉረምረም ጀመረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእኛ ጉባኤ ግን ምንም ሳያይ በረየ።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አስጠሩኝ። በነገር ስንቱን ቤተሰብ ነድፈው ከጉባኤው ያስወጡ ሰው ናቸው፤ የእሳቸውን መንፈስ የመረመረ ግን የለም።

«እህቴ፣ ከእሳት መካከል የወጣ እባብ ማን እንደሆነ ይጠፋሻል?»

«ኧረ ጋሼ፣ መርዝ እንኳ የላትም! መጥተው ይዩዋት።»

«እኔ? በኢየሱስ ስም! ባይነድፍሽም መንፈሱ ይከተልሻል። ወይ ሥራውን ወይ መዝሙሩን ምረጪ።»

«ፋስት እኮ ነው የሰጡኝ።»

«ጌታ ከዚያ የተሻለ ፋስት ይሰጥሻል።»

በባቡር እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁባቸው። የተማርኩ ነኛ! ቤት ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋ። በዚያ ከተማ ስታመም በሬን የሚያንኳኩት መዘምራኑ ብቻ ነበሩ።

ሰኞ የሥራ መልቀቂያ ጻፍኩ። አለቃዬ ደንግጣ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ወገቤን ያመኛል አልኳት። ምስኪን፣ የሐኪም አድራሻ ጽፋ ሰጠችኝ።

እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆምኩ። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ፈገግ አሉልኝ። ናቅኋቸው። ከእሳቸው ይልቅ ግን፣ ሥራዋን ለቅቃ ፈገግታቸውን በፈገግታ መልሳ አፏን ከፍታ የምትዘምረውን ሴት ናቅሁ።