ጋቢ የለበሰው አውራ ዶሮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሰው አውራ ዶሮ ገደልኩ። ይህን ሳልናገር ስለ አሰብ የሥራ ዘመኔ ባወራ የማወራው ግማሽ ውሸት ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ደሴ ላይ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ገና መውጣቴ ነበር። የተመደብኩት በመርከብ የሚጫኑ በጎችና ፍየሎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዬ ትኩሳት መለካት፣ መከተብና ያደገ ኮቴ መሞረድ ነበር። ከእኔ በታች ያለው ሠራተኛ የበሩ ዘበኛ ጋሽ ዓሊ ብቻ ነበር። እሱም ከአሰብ በስተደቡብ ያለችው የራሔይታ ሰው ስለሆነ ስለ ፍየል እኔ በሁለት ዓመት ከተማርኩት የበለጠ ያውቃል።

ኃላፊዬ አቶ ገብሬ ጠዋት ነጭ ጋዋንና የመሣሪያ ሳጥን አስረከቡኝ። "ዛሬ እያየሽ ዋዪ" አሉኝ። "ወደብ ደርሼ እስክመለስ ምንም እንዳትነኪ።" እሺ አልኩ። አዲስ ሠራተኛ እሺ ሲል አይታማም።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ አስካለ መጡ። ባለቤታቸው የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ የነበሩ፣ ባል ከሞተባቸው ዓመት ያልሞላቸው ሴት ናቸው። ክንዳቸው ሥር ቀይ አውራ ዶሮ አቅፈዋል።

"ዶክተር አለ?" አሉኝ።

"እኔ አለሁ" አልኩ። ዶክተር አልነበርኩም፤ አይደለሁም ብዬም አላረምኳቸው።

አውራ ዶሮ ከእግሩ በስተኋላ፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ፣ እንደ ቀንድ ያለ ሹል ነገር ያበቅላል። እኛ የእግር ቀንድ እንለው ነበር። ዶሮው ሲያረጅ ይረዝማል፣ ይቆለመማል፤ ሴቶቹን ዶሮዎች ጀርባቸውን ይተለትላቸዋል፣ ለራሱም መራመጃ ያሳጣዋል። የእትዬ አስካለ ዶሮ እንደ ሰካራም እግሩን አንፈራጦ ነበር የሚሄደው።

"ሟቹ ከኮምቦልቻ በኮቱ ኪስ ያመጣው ጫጩት ነው" አሉኝ። "ጎረቤት እረጂው ይለኛል። እኔ እሱን አርጄ የምበላበት አፍ የለኝም።"

ደሴ ስንማር ዶሮ የምንይዘው በጋቢ ጠቅልለን ነበር። ሲጨልምበት ይረጋል፣ ብርዱም አያገኘውም። እኔም እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ከሻንጣዬ አወጣሁና አንገቱ ድረስ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩት፤ ጫፉንም ራሱ ላይ ጣል አደረግሁበት። ከላያችን ቆርቆሮ ነው። ቬንቲላተሩ መብራት ጠፍቶ ቆሟል። አሰብ፣ በቀትር፣ ጋቢ! ዛሬ ስናገረው እንኳን ጀርባዬን ያልበኛል።

ሰጌቶ በምንላት ትንሽ የብረት መጋዝ የቀኙን ጫፍ ቆረጥኩ። አልደማም። ግራውን ቆረጥኩ። እሱም አልደማም። ዶሮው መጀመሪያ ትንሽ ተንፈራገጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። ደስ አለኝ። ሁለቱንም በሞረድ አለሰለስኩና "እንዴት ያለ ጨዋ ዶሮ ነው!" አልኳቸው።

ጋቢውን ስገልጠው ሞቷል።

እትዬ አስካለ ወደ ዶሮው ጎንበስ አሉ። አንገቱን ቀና አድርገው ሞከሩት፤ ወደቀ። ከዚያ ጋቢውን መልሰው አለበሱትና እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ጋሽ ዓሊ ተነስቶ አሳለፋቸውና ወደ እኔ መጣ።

"እኔ ዶሮ አርብቼ አላውቅም" አለኝ። "ግን በዚህ ሰዓት ፍየል እንኳ ብትሆን አልነካም። ፀሐይ ናት በዚህ ሰዓት የምትሠራ። ሰው ይቀመጣል።"

አቶ ገብሬ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ዶሮ አያልበውም" አሉኝ። "ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ፣ ክንፉንም ከጎኑ ገለል በማድረግ ነው። ደግሞ ደረቱ ካልተነፋ አይተነፍስም። አንቺ ሁሉንም አስረሽበታል። ጨዋ ሆኖ አይደለም ዝም ያለው።"

ይቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እስከ ጡረታዬ አልለቀቀችኝም።

አመሻሽ ላይ ቤታቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። ጋቢዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከበሩ አጠገብ የተቆለለ ትኩስ አፈር አየሁ። ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት ግን ለቅሶ ቀደመኝ።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉና ቀዝቃዛ ውኃ ሰጡኝ። "ያቺን ታያለሽ?" ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ዶሮ ካርቶን ውስጥ ታቅፋለች። "ዐሥራ አንድ እንቁላል ነው፣ ሁሉም የእሱ። ከመካከላቸው አንድ ወንድ እንኳ አይጠፋም።" ስነሳ ጋቢውን አጣጥፈው ሰጡኝ። "ውሰጂው። አገርሽ ስትገቢ ይበርድሻል።"

ከዚያ በኋላ የእግር ቀንድ ነገር እልህ ሆነብኝ። ከሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ዶሮ የሚል ቃል የለም፤ ቢሆንም የመጣልኝን አልመለስኩም። ከአዲስ አበባ መንገድ ዶሮ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ነበሩ። ረዳቶቻቸው ቀንዱን በፒንሳ ጠምዝዘው ይነቅሉትና ዶሮው ደም በደም ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል። ቀንዱ ላይ የተቀቀለ ትኩስ ድንች ሰክቶ ማላላትም ይቻላል የሚሉ ነበሩ፤ እግሩ የተቃጠለ ዶሮ ካከምኩ በኋላ ይህን የሚመክረኝን ሰው አልሰማም። አንድ የደብረ ብርሃን ሾፌር ዶሮ ጭኔ ላይ አድርጌ ባየ ቁጥር "እህቴ፣ የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሽንኩርትና በርበሬ ነው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የተማርኩት ይህ ነው። ቀንዱ ላይ ላዩን እንደ ጥፍር ነው፤ ውስጡ ግን አጥንት አለው፣ ደም ይዘዋወርበታል። ስለዚህ ጫፉ ብቻ ይቆረጣል። ከኋላው ባትሪ ሲበራበት የውስጡ ጥላ የት ድረስ እንደሚደርስ ይታያል። ካልታየ ደግሞ ትንሽ ቆርጦ መተውና ከሳምንታት በኋላ መድገም ነው። ከደማ የበቆሎ ዱቄት ነስንሶ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፤ ደሙ ሳይቆም አለመልቀቅ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ እትዬ አስካለ እንደገና በበሩ ገቡ። ክንዳቸው ሥር ቀይ አውራ ዶሮ አቅፈዋል። ያው ዶሮ ተነስቶ የመጣ መሰለኝ።

"ልጁ ነው" አሉ። "ከዐሥራ አንዱ ወንዱ እሱ ብቻ ነበር።"

የግራ ቀንዱ ተቆልምሞ ዞሮ የራሱን እግር ሊወጋ ደርሷል፤ ቆዳው ቀልቷል። ቢተው ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ይመግላል፣ ዶሮው ይሞታል። ሌላ ወንድ ከዚያ ዘር አልቀራቸውም፤ ሟቹ በኮታቸው ኪስ ካመጡት የተረፈው ይኸው ብቻ ነው። 

"አቶ ገብሬ ይሥሩልዎ" አልኳቸው። "እሳቸው ይሻላሉ።"

"ገብሬን ፈልጌ አይደለም የመጣሁት" አሉ።

ሰዓቱን አየሁ። አራት ሰዓት ሆኗል፣ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀምሯል። "ዛሬ አልነካውም። ነገ ጎህ ሲቀድ ይምጡ። ማታ ውኃ በደንብ ይጠጣ" አልኳቸው።

በማግስቱ ከባሕሩ ነፋስ ሲመጣ እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዶሮውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ክንፎቹን ከጎኑ ብቻ በእጃቸው ያዙ፣ ደረቱን ለቀቁት። እኔ ስስ ነጠላ በውኃ አርጥቤ ዓይኑ ላይ ብቻ ጣል አደረግሁ፤ ምንቃሩ ውጭ ነው። ጋሽ ዓሊ ባትሪውን አበራልኝ። ጥላው የሚያልቅበትን አይቼ ከዚያ ወጣ ብዬ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ።

ሰጌቶውን በቀስታ ሳብኩ። ቀንዱ እንዳይግል ሁለት ሦስቴ እየሳብኩ አረፍ እላለሁ፣ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። የተቆለመመው ጫፍ ወደቀ። ወደ ቀኙ ስዞር ዶሮው ዝም አለ።

እኔም ሰጌቶውን ጣልኩ። ነጠላውን ገፈፍኩት።

ቀይ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጣቴን ነከሰኝ። እንደዚያ ቀን በንክሻ ተደስቼ አላውቅም።

ጋሽ ዓሊ ሳቀ። "ይኼ እንኳ ጨዋ አይደለም" አለ።

የቀኙን ጨረስኩ፣ ሁለቱንም በሞረድ አለሰለስኩ፣ የቀላው ቆዳ ላይ አዮዲን ቀባሁ። መሬት ስናስቀምጠው እግሩን ሁለቴ አነሳ ጣለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ተራመደ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ተከተሉት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። "እትዬ፣ እንዴት አምነው ወደ እኔ አመጡት?"

"ወደ ማን ልውሰደው ታዲያ?" አሉኝ። "ሌላው ሰው ዶሮ በምን እንደሚሞት ገና አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ዶሮውን አንስተው ታቀፉና ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሰብን ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆነ። ጋቢው አሁንም አለኝ፤ እሳቸው እንዳሉት አገሬ ስገባ በርዶኝ ለብሼዋለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። በቆላ አገር ዶሮ የሚያዘው ጎህ ሲቀድ ነው። ደረቱ አይታሰር፣ ምንቃሩ አይሸፈን። ዝም ካለ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ግለጡና እዩት።