ለባለአገሯ የተነበበ ምስጋና

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ማውንት ቤከር የሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ ስብሰባ የሚጀመረው በምስጋና ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይቆምና ይህ መሬት ነጮች ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ይኖር የነበረው ነባር ሕዝብ ርስት መሆኑን፣ እኛም በእነሱ መሬት ላይ መቀመጣችንን አንብቦ ያመሰግናል። ከዚያ ወደ አጀንዳው ይገባል። መጀመሪያ ስሰማው ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ አስረድቻት ነበር።

ከዘንድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ከዚያ ነባር ሕዝብ የተወለደች ናት። ቢከን ሂል በሚባለው አጎራባች ሰፈር ከአያቷ ጋር ትኖራለች። በልጅነቷ ያሳደገቻት፣ አክስቴ የምትላት የአያቷ ጓደኛ ሞተችና ሁለቱም ወገኖቻቸው ወዳሉበት ወደ ሰሜን ሄዱ። ከሬሳው ጋር አደሩ፤ ለለቀስተኛ ምግብ አበሰሉ፤ ከቀብር በኋላም ሐዘንተኛውን ብቻውን አልተዉትም። ልጅቷ ስትመለስ ትምህርት ቤቱ "ያለ ፈቃድ የቀረሽባቸው ቀናት ስለበዙ የመንፈቁ ውጤትሽ ይሰረዛል" አላት። ይህ ማለት ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው። ሟቿ የሥጋ ዘመድ ብትሆን ኖሮ ይፈቀድላት ነበር።

አያቷ ከልጅቷ ጋር ተጠሩ። እኔም የክፍሏ ኃላፊ ስለሆንኩ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ብቻ ነን፤ ምክትሉ ግን ተነስቶ ምስጋናውን አነበበ።

"ማንን ነው?" አሉ አያቷ ዙሪያቸውን እያዩ። "እኔን ከሆነ ቁጭ ብለህ አመስግነኝ፤ ቀና ስል አንገቴን አመመኝ።"

ልጅቷ ሳቋን በእጇ አፈነች። ምክትሉ ተቀመጠ።

"ሟቿ በትክክል ምንዎ ነበረች?"

"እህቴ።"

"በእናት ነው በአባት?"

"በኑሮ።"

"እሱ በመመሪያው ውስጥ የለም።"

ይሄኔ እኔ ገባሁበት። "አምና አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የእናቱ ጎረቤት ሞታ ሬንተን ከተማ ለቅሶ ቤት ሲሰነብት ከትምህርት ቀርቶ ነበር" አልኩ። "ለቅሶ ለእኛ ምን እንደሆነ አስረዳኋችሁ፤ ተፈቀደለት። እንዲያውም ለመምህራን ሁሉ ገለጻ እንዳደርግ ጠይቃችሁኝ ተጨበጨበልኝ። ይኼም ያው ነው።"

"ያ ይለያል" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "እናንተ አዲስ መጤዎች ናችሁ፤ ልንረዳችሁ ይገባል። እሷ ግን እዚሁ የተወለደች ናት። ሕጉን ማወቅ ነበረባት።"

ለእኔ ለእንግዳዋ የተፈቀደው ሐዘን ለባለአገሯ ተከለከለ። አምና የጨበጨቡልኝ እጆች ትዝ አሉኝና ጭብጨባው ራሱ ጎፈነነኝ።

ውሳኔው አልተለወጠም። ልንወጣ ስንል ምክትሉ ወደ ልጅቷ ዞረ።

"ዓርብ በትልቁ ስብሰባ ምስጋናውን አንቺ ብታነቢው እንዴት እንደሚያምር!"

"ታዲያ መጥቼ ካነበብኩ እንደ መገኘት ይቆጠርልኛል?" አለችው።

አያቷ ጃኬታቸውን እየለበሱ፣ "ተይው ልጄ፣ ራሱ ያንብበው። ለምዶታል" አሉ።

ዓርብ ዕለት ራሱ አነበበው። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው የአምናው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ "ቲቸር፣ ማንን ነው የሚያመሰግነው?" አለኝ።

"የክፍልህን ልጅ" አልኩት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። "ውጤቷን ስለሰረዘባት ዛሬ አልመጣችም።"

ከፊታችን የተቀመጡት መምህራን ዞር ብለው አዩኝ። ምክትሉም ከመድረኩ ላይ ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ አጀንዳው ገባ።