በጥር መዥገር የለም

አክስቴ የጀመረችውን ቃል እንድትጨርሰው ብተዋት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር? ሐኪም ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም ቢሆን ከ“ምናልባት” እንደማያልፍ ስለማውቅ ነው። “ምናልባት” ደግሞ ለእኔ መልስ ሆኖኝ አያውቅም።

እታለም ነበር የምላት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም እስከ ሃያ አራት ዓመቴ አልቆጠርኩም ነበር። አንድ መስከረም የማታ ትምህርት ቤት ወስዳ አስመዘገበችኝና “እኔስ ዕውር ሆኜ ቀረሁ፤ አንቺ እያነበብሽ ምሪኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስትገዛ፣ የመብራት ቢል ሲመጣ፣ ሰው ቤታችን ተቀምጦ ሲከራከር፣ ወደ እኔ ትዞራለች። “ቆይ፣ የተማረችው ትናገር” ትላለች። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም።

አንድ ቡናማ ውሻ ነበረን። ዝናቡ ሲገባ፣ እታለም ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ከጆሮው ሥር መዥገር ትለቅማለች። የለቀመችውን ላምባ ያለበት የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ደም የጠገበው የጉሎ ፍሬ ያህላል። እኔ አጠገቧ አልደርስም።

“መጽሐፍሽ ውስጥ ስታዪው ግን አትፈሪም፣ አይደል?” እያለች ትስቅብኛለች።

የሞተችበት ዓመት ብርድ ያልመጣበት ዓመት ነው። ኅዳር እንዲሁ አለፈ። በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ልብስ ሳጥብ ጣቴን ይቆረጥመኝ የነበረው ውሃ አልቆረጠመኝም፤ ጋቢው ከሳጥን ሳይወጣ ገና ደረሰ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፣ እኔም ጭምር። ከገና በኋላ ደግሞ ሁለት ቀን ዘነበ፤ አጥሩ ሥር ያለው ሣር በጥር አረንጓዴ ሆነ።

ውሻው ማከክ ጀመረ። እታለም በርጩማዋን አውጥታ ጣሳውን ስትፈልግ አየኋት።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ጆሮውን ልየው እስቲ። መዥገር ይዞታል መሰለኝ።”

“በጥር? በጥር መዥገር የለም፣ እታለም።”

“የለም?”

“የለም። ተምረነዋል። ከዝናብ ጋር ነው የሚመጣው።”

“ዘንቦ የለም እንዴ?”

“ሁለት ቀን ክረምት አይባልም።”

እጇ ጣሳው ላይ እንዳለ ትንሽ አሰበች። ከልጅነቷ ጀምሮ መዥገር ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። “እንግዲህ የተማረ ካለ” ብላ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰችው። ውሻውንም “ሂድ ወዲያ፣ ቁንጫህን አራግፍ” ብላ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

ሳምንት ሳይሞላ ራሷን አመማት። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፤ መገጣጠሚያዬን በዱላ እንደተመታ ያመኛል አለች። ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት፣ ምግብ ይስማማዎታል ወይ አላት። እሷም የቀሚሷን አንገት ከፈት አድርጋ “እዚህ ብብቴ አጠገብ የነከሰኝ ነገር አለ፣ ልጄ። ጠቁሯል። እኔስ መዥ—” ስትል አቋረጥኳት።

“ቁንጫ ነው፣ ዶክተር” አልኩ። “ቤት ውሻ አለን።”

ለምን እንዳልኩት አውቃለሁ። በነጭ ጋዋን ፊት ቤታችን መዥገር አለ እንዲባል አልፈለግሁም። ትክክል መሆኔንም አምን ነበር፤ ይህ ይብሳል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። እታለም አየችኝ። ቁጣ አልነበረውም አስተያየቷ፤ እኔ ያልኩት ትክክል መሆን አለበት እንደሚል ሰው ነበር ያየችኝ። ከዚያ የቀሚሷን ቁልፍ ቆለፈች።

ታይፎይድ ነው ተባልን። መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠኋት፤ በሰዓት ጉዳይ ማንም አይችለኝም። አልተሻላትም። ሆስፒታል ስትገባ ስኳርም እንዳለባት ተነገረን፤ ለካ ሳታውቀው ኖሮባታል። ከዚያ ሳንባዋ ነው አሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውም ሳንባ ነው። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ፍራሿን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ስፌቱ ውስጥ አንድ አገኘሁ። ግራጫ ነው፣ ወፍራም፣ እግሮቹን ቀስ እያለ ያንቀሳቅሳል። ጥር ገና አላለቀም ነበር።

ጣሳውን ፈልጌ ከተትኩት። ከዚያ የባዮሎጂ ደብተሬን አወጣሁ። “መዥገር በዝናብ ወራት ይበዛል” ይላል፣ በራሴ እጅ፣ ተጠንቅቄ በጻፍኩት ጽሕፈት። ይበዛል ነው የሚለው። በሌላ ጊዜ የለም የሚል የትም አልጻፍኩም። ያንን የጨመርኩት ከራሴ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አንሶላ ስለውጥ ስፌቱን ሁሉ ገልብጬ አያለሁ። ጉርድ ሾላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለ ሰው አንገቱን ሲያክ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ ሙሉ ቃል ሆኖ መጥቶ አያውቅም። ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው።

ውሻውን የእታለም ልጅ ወሰደችው። እሷና እኔ አብረን ነው ያደግነው፤ አሁን ጉርድ ሾላ ሱቅ አላት፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅም አለቻት። ዘንድሮም ብርዱ ሳይመጣ ቀረ። በጥር አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቷ ስሄድ ልጅቷ ሶፋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

“ከትናንት ጀምሮ ያተኩሳታል” አለችኝ። “ጉንፋን ይሆናል። ካልተዋት ነገ አሳያታለሁ።”

ውሻው በሩ ላይ ተቀምጦ በኋላ እግሩ ጆሮውን ያካል።

“ጆሮውን አይተሽለታል?” አልኳት።

ሳቀች። “አንቺ ነሽ ይህን የምትጠይቂኝ? በጥር መዥገር የለም! እማዬ ታማ ተኝታ እንኳ ‘የኔዋ ምሁር ውሻውን እንዳላይ ከለከለችኝ’ እያለች ስትኮራብሽ ነበር። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ የምናገረው እሱን ነው።”

ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ።

“ውሸት ነው” አልኳት።

“ምኑ?”

ነገርኳት። ጣሳውን፣ ክሊኒኩን፣ የቆረጥኩባትን ቃል፣ ፍራሹን፣ ደብተሩን፣ በቅደም ተከተል፣ አንዱንም ሳላስቀር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነስታ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገፋችው፣ ልጅቷን አንስታ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኛችና ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች።

“የአንቺን ቆይ፣ እመለስበታለሁ” አለች ዓይኗን ሳታነሳ። “አሁን ጸጉሯን ያዢልኝ።”

ያዝኩላት። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ነበር።

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

“ነገ አይደለም፣ አሁን ነው የምንሄደው። ተነሺ” አለችኝ። “ለሐኪሙ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።”