ዳልቻ ሳይጠጣ የወጣ ቀን

ሰሞኑን በመኪናዬ ከከተማችን ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሴቻ ስወጣ ከፊቴ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነጭ ጭስ እየተፋ ዳገቱ ላይ ያዘግም ነበር። ከኋላዬ ያሉት ባጃጆች ጥሩምባቸውን ያምባርቁታል። እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ሽታውን ሳብኩት። ናፍጣና የፈላ ውሃ። "ይሄ ሰውዬ ውሃ ሳያይ ነው የወጣው" አልኩ ለብቻዬ፣ ወዲያው ግን አፈርኩ። ለመፍረድ እኔ ማን ነኝና!

ልጅ ሳለሁ አባቴም እንደዚያው ያለ ሽማግሌ መኪና ነበረው። ቀለሙ አመድማ ስለሆነ እንደ በሬ "ዳልቻ" እንለዋለን። ከላንቴ ሙዝ፣ ከከተማ ጨውና ሳሙና ጭኖ ጨንቻ ይወጣል፤ ከደጋ ድንችና አፕል ይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ ጋሽ ዳና እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአባቴ ጋር የሠራ፣ ልብሱ ግሪስና ሙዝ የሚሸት የጋሞ ሰው ነው። አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ እኔን ሴቷን ልጅ "አንተ" ነበር የሚለኝ። የሰፈር ልጆች ሲያሾፉብኝ እኔ ጭራሽ እኮራበት ነበር።

የዳልቻ ራዲያተር ያንጠባጥባል፣ የሙቀት መለኪያው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ ውሃ መሙላት የግድ ነው። ይህ የእኔ ሥራ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ለምኜ ነው የወሰድኩት። በርጩማ ላይ እቆምና ክዳኑን ፈትቼ፣ ከበርሜሉ በጆግ እየቀዳሁ እስኪፈስ እሞላዋለሁ። ጋሽ ዳና ጎማዎቹን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ይዞርና "ሚሚ፣ ዳልቻን አጠጣህ?" ይለኛል። "አዎ!" እላለሁ። አንድም ቀን ክዳኑን ከፍቶ አይቶብኝ አያውቅም። አባቴ "ይቺን ሕፃን ታምናለህ እንዴ?" ሲለው "ሚሚ ካንተ ይሻላል" ብሎ ይስቅበታል። ከጨንቻ ሲመለስ ደግሞ ከኪሱ አንድ አፕል ያወጣልኛል።

ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ይዘን ነበር። ሁልጊዜ የምታሸንፈኝ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን መስመር ሳልረግጥ ሐሙስ ላይ ደርሻለሁ፤ ካቋረጥኩ ተራዬን ትወስድብኛለች። "ሚሚ፣ ዳልቻን አጠጣህ?" የሚለው ድምፅ መጣ። "አዎ!" አልኩ፣ በአንድ እግሬ እንደቆምኩ። ጨዋታው ሲያልቅ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። ቀና ስል ዳልቻ ከበሩ እየወጣ ነው። ሮጬ መጮህ እችል ነበር። እግርም ነበረኝ፣ አፍም ነበረኝ። አልሮጥኩም።

ዳልቻ አመሻሹ ላይ እያነከሰ ተመለሰ። የጨንቻ ዳገት ላይ ፈልቶ መቆሙን፣ ከምንጭ በባሊ ውሃ እያመላለሱ እንዳቀዘቀዙት ጋሽ ዳና ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። ወደ እኔ መጥቶም አፕሉን ሰጠኝ። ያን ሁሉ ፍዳ አይቶ የእኔን አፕል አልረሳም! እኔስ ምን አደረግሁ? በላሁት። እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዳልቻ ነጭ ጭስ ጀመረው። አባቴ በመጀመሪያ "የጠዋት ብርድ ነው፣ ሲሞቅ ይተወዋል" አለ። ሲሞቅ ጭራሽ ባሰበት። ቀጥሎ "ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል" አለና መካኒክ ጠራ። መካኒኩ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈትቶ አየ፤ ንጹሕ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲስብ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስነሳው ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ከጭስ ማውጫው አጠገብ መዳፉን ይዞ ቆየና እርጥበቱን ለአባቴ አሳየው።

"ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል" አለ፤ በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለውን ስስ ንጣፍ ማለቱ ነው። "ውሃው ሾልኮ ከናፍጣው ጋር እየገባ ነው ነጭ የሚያጨሰው። ይሄ መኪና ያለ ውሃ ዳገት ወጥቷል።"

አባቴ ዞረ። "ዳና፣ ውሃ ሳታይ ነው የወጣኸው?"

እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ዳና አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። አቀርቅሬ እርሳሴን መቅረጽ ጀመርኩ።

"አዎ" አለ። "ሳላይ ነው የወጣሁት።"

አባቴ ቁጡ ሰው ነበር። "ቁልፉን አስቀምጥ" አለው። አስቀመጠ። በአጠገቤ ሲያልፍ "ሚሚ፣ በርታ" አለኝና ወጣ።

የሞተሩ ክዳን ወርዶ ተስተካከለ፣ አዲስ ንጣፍ ገባ፣ መካኒኩም ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በተራ በተራ አጠበቀ። ዳልቻ ጭሱን ተወ። አዲሱ ሾፌር ውሃውን ራሱ ይሞላ ነበር፤ በርጩማዬን ይዤ ስጠጋ "ዞር በይ ከዚህ!" ብሎ አባረረኝ። አባቴ በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜ እንኳ "ዳና ባይዘናጋ ኖሮ እንደሱ ያለ ሰው አልነበረም" ይል ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ትራሱን አስተካክልለታለሁ። ሳልነግረው ሞተ።

ያን የሰሞኑን ነጭ ጭስ ባየሁ ማግስት ጋሽ ዳና ወደሚኖርበት ላንቴ ሄድኩ። ጋሽ ዳና አርጅቷል፤ የሙዝ ማሳው ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ "ያን ቀን አላጠጣሁትም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ክዳኑን ከፍቶ ማየት የሾፌር ሥራ ነው። ልጅ ላይ ማላከክማ ጎሜ ነው፣ ነውር ነው።" ደግሞም፣ "ግን ሚሚ ይናገር ይሆናል ብዬ ቁልፉን ያስቀመጥኩ ቀን ከበሩ ውጭ ትንሽ ቆሜ ነበር" አለ።

አለቀስኩ። እሱ ግን ሙዝ ቆርጦ መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። የዛሬ መኪና ውሃ ሲጎድለው መብራት ያበራል፤ በርጩማ ላይ የሚቆም ልጅም፣ ልጅን የሚያምን ሾፌርም አይፈልግም። ጋሽ ዳና ግን ኮፈኑን በመዳፉ ቸብ አድርጎ "አጠጣህ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ እንጂ ስነሳ ውሃውን አላየሁም ነበር። ራሱን በእሺታ ነቀነቀና እጁን እያውለበለበ ሸኘኝ፤ ዛሬም አመነኝ።

ማሳው ሳያልቅ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩና ወደ ኋላ ሮጥኩ። እዚያው እንደቆመ ነው።

"ጋሽ ዳና፣ አላየሁም" አልኩት።

ቤት ገብቶ በጆግ ውሃ ይዞልኝ መጣ።