ዐዚዛ ምልክት ያደረገችበት ራም

ጎረቤቴ ዐዚዛ ዘይት ገዝታ ቤት ስታስገባ ዘይቱ የደረሰበትን ቦታ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ትጭራለች። ልብስ ሰፊ ዘንድ ጨርቅ የምትሰጠው ጫፉን በክር ቋጥራ ነው። ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ፣ የእሷ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከእኔ ፎቶ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ጉርድ ፎቶ ያነሳኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ኔጌቲቩን ካልሰጠኸኝ አልሄድም ብላ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኋት።

«ለአንተስ ምን ያደርግልሃል፣ አያ የሻው?» አለችኝ።

ኔጌቲቩን ሰጠኋት።

ሰው ከእናቱ ሆድ እንዲህ ሆኖ አይወጣም። ሟች ባሏ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረችው። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለአንድ ጋራዥ ለጥቂት ጥገና ሰጥቷት ሲመለስ መካኒኩ ደህናውን የናፍጣ ፖምፓ ፈትቶ ወስዶ፣ የሞተ ፖምፓ ቀለም ቀብቶ አስሮበት ኖሯል። መኪናዋ ሙሉ ጭነት ቲማቲም ይዛ ሊማሊሞ ላይ ቆመች። አራት ቀን ቆማ ቲማቲሙ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተነሳም፤ መኪናዋን ሸጠ፣ ጉበቱንም ታመመ፣ ፈህሚያ የምትባል አንዲት ልጁን ለዐዚዛ ትቶ ሞተ። ዐዚዛም ከዚያ ወዲህ ለጥገና ዕቃ ሰጥታ የሄደችበት ቀን የለም፤ ከራሱ ላይ ቆማ ታያለች። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሏትም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ትመልሳለች፣ በተረትም ቢሆን አትረታም።

በሁለት ሺህ ሁለት ግንቦት ላይ የተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ መጣ። የዐዚዛ ኮምፒውተር ግን ደከመ። ፎቶና ሰንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ ሲከፈት ያስባል፣ ያስባል፣ ተማሪው ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ኮምፒውተር የሚጠግነው ኢልያስ አይቶ፣ ራሙ አንሶ ነው አላት። ራም ማለት ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥበት፣ ከእጅ ጣት ትንሽ የሚረዝም ሰሌዳ ነው። ኢልያስ የአይከል እህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁም ሸጋ ነው። ዐዚዛ ራሙን ግን ከእሱ አልገዛችም። አዲስ አበባ ላለችው እህቷ ለዙሌይካ ደውላ ከነማሸጊያው አስላከች። ሲደርሳት ከፈተችው፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን 800 የሚል የፍጥነት ቁጥር ደብተሯ ላይ ገለበጠች፣ ከፈህሚያ መሳቢያ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ የሰሌዳውን ጠርዝ ነካ አደረገች፣ ጠርሙሱንም ከቦታው መለሰች። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

«እንዳይለውጥብኝ» አለችኝ።

ማክሰኞ ዕለት ኢልያስ መጥቶ የማሽኑን ክዳን ሲፈታ አዛን አለ። ዐዚዛ ለዙህር ሶላት መሄድ ነበረባት። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ባለሙያ ትታ መውጣቷ ነው፤ እሱንም ቢሆን ፈህሚያን «ዐይንሽን ከእጁ እንዳታነሺ» ብላ በቦታዋ አስቀምጣ ነው። ተመልሳ ስትመጣ ሥራው አልቆ ማሽኑ ይሮጣል። ተማሪዎቹም ተደሰቱ። ዐዚዛ ሁለት ቀን እንደ ሰው ሆና ዋለች።

ሐሙስ መብራት ሄደና መጣ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሳየው ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ማንም አያነበውም፣ ዐዚዛ ግን ታነባለች። የራሙ ፍጥነት 533 ይላል። አጥፍታ አስነሳችው። 533። ሦስተኛም አስነሳችው። ከዚያ በሯን ዘግታ እኔን ጠራችኝና ክዳኑን ራሷ ፈታችው። ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 800 ይላል። ቀዩ ነጥብም ጠርዙ ላይ አለ።

«ይኸው፣ ምልክትሽ አለ። ምን ቀረሽ?» አልኋት።

«ወረቀት ይላጣል» አለችኝ። «ተልጦም ይለጠፋል።»

«ቀለሙስ?»

ዐይኗ ወደ ፈህሚያ መሳቢያ ሄደ። አስተያየቷን አልወደድሁትም። እንዲያውም ልናገር፣ ቤቴ ስገባ ኢልያስ የጠገነልኝን የራሴን ኮምፒውተር ክዳን ፈትቼ ውስጡን አየሁ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ነው ያየሁት። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያስነጥሳል።

ቅዳሜ ሐጂ ጀማሉዲን አስጠሩኝ። በአዲስ ዓለም ሰፈር ለሽምግልና ቀድሞ የሚታሰቡት እሳቸው ናቸው። ኢልያስ ፈህሚያን ለማግባት ሽማግሌ ልኳልና አንተም ጎረቤት ነህ፣ ና አሉኝ። ደነገጥሁ። ልጆቹ እንደሚፈላለጉ አላወቅሁም፤ ዐዚዛ ማወቋን ደግሞ እንጃ። ስለ ራሙ ነገር ለሐጂ ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰና ዋጥሁት። ባልውጠው ኖሮ ቀጠሮውን ያራዝሙት ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነን አዲስ ዓለም ወደ ዐዚዛ ቤት ሄድን፤ ሐጂ ጀማሉዲን፣ የኢልያስ አጎት ዐብዱልከሪም፣ እኔ። ሐጂ እንደ ወጉ ከዘመድ ጤና ጀምረው፣ ልጃችንን ልጅ አድርጊልን አሏት። ወጉም ቀላል ነበር። የሴት ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። እኛም ያንን ሰምተን ልንወጣ ነበር የመጣነው።

ዐዚዛ ግን ፊቷ ተለወጠ። ጓዳ ወዳለችው ልጇ ዞረች።

«ፈህሚያ፣ ነይ። ቀለሙን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

ፈህሚያ በሩ ላይ ቆመች። የምን ቀለም እንደሆነ ወዲያው የገባት ይመስለኛል።

«እኔ እዚያ አስቀምጬሽ፣ አንቺ ከእሱ ጋር ሆነሽ ራሜን አስለወጥሽኝ። ምልክቴንም በራስሽ ቀለም አስመሰላችሁ» አለች ዐዚዛ። ወደ እኛም ዞረች። «ሌባ ልኳችሁ ነው የመጣችሁ። ያባቷን ማኪና የበሉት አነሰና ልጅቱን ደግሞ ሊወስዱ።»

ሐጂ «አስተውዪ፣ ዐዚዛ» ብቻ አሉ። ዐብዱልከሪም ተነሳ። ጫማውን አድርጎ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረው፤ የወንድሜ ልጅ ሌባ የተባለበት ደጃፍ ከእንግዲህ አንደርስም አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በዚያ ቀን ዐዚዛን ጠላኋት፤ ጎረቤቴ ናት ብዬ አልደብቅም።

በማግሥቱ ኢልያስ ራሱ ወደ ሱቋ መጣ። ይቆጣል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን እንኳ አላነሳም።

«እትዬ ዐዚዛ፣ ራሙ ያው የእርስዎ ነው» አላት። «ስምንት መቶ መሮጥ ይችላል። ግን ብቻውን አይሮጥም። ራሙ፣ የሚያስበው ፕሮሰሰሩ፣ ሁሉም የተሰካው ማዘርቦርድ በሚባለው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ነው። የእርስዎ ማዘርቦርድ ቢበዛ ስድስት መቶ ስድሳ ሰባት ድረስ ነው የሚፈቅድለት። ፕሮሰሰርዎ ደግሞ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት ከዚያም ያንሳል፤ አምስት መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጡ አዲስ አውቶቡስ ከተጫነ ማኪና ኋላ ከገባ በማን ፍጥነት ነው የሚሄደው?»

«ይኸን ምነው ያን ዕለት አልነገርኸኝም?»

«ለፈህሚያ ነግሬያት ነበር፣ ለእናትሽ ንገሪያት ብዬ።»

ፈህሚያ ወረቀት እያስተካከለች ነበር። ቀና ሳትል ተናገረች።

«ብነግርሽ ኖሮ፣ ከእሱ ጋር ስንት ቃል ተነጋገርሽ ትዪኝ ነበር።»

ዐዚዛ ይህንንም ለጥርጣሬዋ ማስረጃ አደረገችው። ተነጋግረዋላ። ኢልያስ ሌላ ባለሙያ ያሳዩ አላት፤ ባለሙያ ሁሉ አንድ ነው አለችው። እሱም ተሰናብቶ ሄደ። ያን ሳምንት እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ሲሠሩ በግድግዳው በኩል የምሰማው የማሽኑን ድምፅ ብቻ ነበር።

ሆኖም የዐዚዛ ጥርጣሬ እንደ ሰው ጥርጣሬ ሰነፍ አይደለም። እውነቱን ሳይዝ አይተኛም። በሳምንቱ ማሽኑን በባጃጅ አስጭና እኔን ምስክር አድርጋ፣ ማሩ የሚባል የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ዘንድ ሄድን። ማሩን ኢልያስ አያውቀውም፤ ይህንን መጀመሪያ አጣርታለች።

ማሩ የእሷን ራም ከአንድ አዲስ ማሽን ላይ ሰክቶ አስነሳው። ጥቁሩ ገጽ 800 አለ።

«ይኸ ማሽን ሁሉንም ስምንት መቶ ይል ይሆናል» አለች።

ማሩ ሳቅ እያለ አሮጌ ራም ሰካበት። 533 አለ። ከዚያ ካልተከፈቱት እሽጎች ውስጥ ራሷ አንድ 800 መርጣ በጥርሷ ቀደደችና ከእሷ ማሽን ላይ አሰካችው። 533። እንደገና አስነሺው አላልናትም፣ እሷ ግን ሁለት ጊዜ አስነሳችው። 533።

«ፕሮሰሰሩን ልለውጥልሽና እዪ» አላት ማሩ። ከሌላ ማሽን ፈጣን ፕሮሰሰር አውጥቶ ከእሷ ማዘርቦርድ ላይ ገጠመና የራሷን ራም መለሰበት። ቁጥሩ ወደ 667 ወጣ፣ እዚያም ቆመ። «ከዚህ በላይ ቦርዱ አይፈቅድም። ራምሽ ግን በከንቱ አልገባም፤ ፍጥነቱ ባይደርስም ቦታው ሰፍቶልሻል። ማሽንሽ የተነቃቃው ለዚያ ነው። የገጠመልሽ ሰው ሥራውን ያውቃል።»

ዐዚዛ ከበርጩማው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ባሏ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም።

«አያ የሻው፣ ምን አፍ ነው ያለኝ?» አለች።

ልትሰማው የሚገባትን ሁሉ ልነግራት ስንት ቀን ሳዘጋጅ ሰንብቼ ነበር። ትቼው ማሽኗን አንስቼ ወደ በሩ ተሸከምሁላት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በከተማችን ከእሷ በፊት ያደረገ መኖሩን አልሰማሁም። የሴት እናት ሆና ሽማግሌ ላከች። ሐጂ ጀማሉዲንና እኔ አውቶቡስ ተሳፍረን አይከል የኢልያስ አባት ቤት ድረስ ሄድን። አባትየው የዋህ ሰው ናቸው፤ ወንድማቸው ዐብዱልከሪም ግን ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ሌባ የተባለው በሽማግሌ ፊት ነውና ስድቡ የሚነሣውም በሽማግሌ ፊት ነው አለ። ትክክል ነበር።

ዐዚዛም እሺ አለች። በዚያው በአዲስ ዓለሙ ቤቷ፣ በእነዚያው ሰዎችና በኢልያስ ፊት ቆመች። «በልጃችሁ ላይ የተናገርሁት ውሸት ነው። አጣርቼ አግኝቼዋለሁ። ይቅር በሉኝ» አለች። ዐብዱልከሪምን ይቅርታ ጠየቀች። ሐጂን ጠየቀች። ወደ ኢልያስም ዞረች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊነካ ሲል አስቀድማ ግንባሩን ሳመችው። በመጨረሻ እኔንም ጠየቀችኝ፣ በከንቱ አንከራተትሁህ ብላ። ሐጂ መጥፎ ጥርጣሬ ኃጢአት መሆኑን አንድ ሁለት ቃል ተናገሩና ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም ቀለለን። ፈህሚያ ለስላሳ መጠጥ በትሪ ይዛ እየዞረች ነበር፤ እሷን ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

ኒካሁ ሐምሌ ላይ ታሰረ። ሙሽራዋ የምትወጣበት ቀን ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ መኪናው ከደጅ ሆኖ ጥሩምባውን ያሰማል። ፈህሚያ ለብሳ አጊጣ ሻንጣዋን ራሷ እየጎተተች ወጣች። ሴቶቹ ሊቀበሏት ሲሉ ከለከለቻቸው። ከእናቷ እግር ሥር አስቀመጠችውና ሁለቱን መዝጊያ ፈትታ ክዳኑን እስከ ጥጉ ከፈተችው።

«እናቴ፣ ሳልወጣ እይው» አለቻት። ቁጣ አልነበረባትም። ስትናገር ልክ ወረቀት እያስተካከለች እንደተናገረችበት ቀን ነበረች።

እልልታው ቆመ። ዐዚዛ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ኧረ ልጄ፣ ምን ነካሽ? ዝጊው» አለች።

አፏ ይህን ሲል ዐይኗ ግን ወርዶ ሻንጣው ውስጥ ነበር፤ ከልብሱ ወደ ጫማው፣ ከጫማው ወደ ጥጉ እየሄደ። እኔ አየሁት። ፈህሚያም አየችው፣ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ዘጋችው።