ቁርሳችን ለወሎ ይሁን

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው በብዙ ነገር ይታወቃል። አንዱ በአፍሮው፣ አንዱ በጊታሩ፣ አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ በመጮህ። እኔ የታወቅሁት በዳቦ ነው።

ጠዋት ጠዋት ካፌ ውስጥ ሻይና ዳቦ ይሰጠን ነበር። ሌላው ማርማላታውን ቀብቶ ሲበላ እኔ ሻዬን ባዶውን እጠጣና ዳቦዬን በኮቴ የውስጥ ኪስ ሸጉጬ እወጣለሁ። ከካፌ ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ስለነበር በሩ ላይ የሚቆሙት ዘበኛ ደረቴን በጥርጣሬ ያዩታል፤ እኔም ብርድ እንደያዘው ሰው ኮቴን ሰብሰብ አድርጌ አልፋቸዋለሁ። ዶርም ስገባ ዳቦውን በጣት ውፍረት እቆራርጥና መስኮቱ ደፍ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ። ሲደርቅ ሎከሬ ሥር ያስቀመጥኩት ጆንያ ውስጥ ይገባል።

አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆች በዚህ ጆንያ ሲስቁ ከረሙ። አንዱ የሐረር ልጅ ነው፤ ጊታር ይመታል፣ ሰላት አያሳልፍም፣ አፉም አያርፍም። ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላውንጅ ውስጥ ዳንስ ሲጀመር እሱ ካልገባ ሴቶቹ አይነሱም። ስሜን ትተው «ዳቦ ቤቱ» ይሉኝ ነበር።

«አቦ፣ ይሄ ሰው ሲመረቅ ዳቦ ቤት ሊከፍት ነው» ይላል የሐረሩ።

«ተወው፤ ደሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ኖሮ ንጣት ይገድለው ነበር» ይላል የአዲስ አበባው፣ ሱሪውን እየተኮሰ።

እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ ከትሕትና የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። እናቴ ወሎ፣ ቦረና ውስጥ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ደብር አጠገብ ነበር የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእሷ ጋር የቀረችው ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንሰው እህቴ ብቻ ናት። በክረምቱ ዕረፍት ሄጄ ሳያቸው ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቶ፣ በሬዎቹ ተሸጠው፣ እናቴ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ክር ጠምጥማበት ነበር። ክሩን ሳየው «ለጌጥ ነው» አለችኝ። ስመለስ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ገንዘብ የለኝም፣ ዳቦ ግን አለኝ። ለገና ጆንያዬን ሞልቼ እሄዳለሁ፤ እናቴና እህቴ እስከሚቀጥለው አዝመራ በድርቆሹ ነፍሳቸውን ያቆያሉ። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ስለ ገበሬ የማያወራ ተማሪ አልነበረም። ካፌ ሰልፍ ላይ፣ ላይብረሪ ደጃፍ፣ ሻወር ቤት ሳይቀር ሰፊው ሕዝብ ይነሳል ይወድቃል። ገበሬን እንደነዚያ ልጆች አሳምሮ የሚያወራ ሰው አገሬ ላይ አላየሁም፤ ገበሬውን ራሱን ጨምሬ ነው የምለው። ስለ ወሎ ረሃብ ግን ሬዲዮኑም ጋዜጣውም ትንፍሽ አይልም ነበርና እኛም የምንሰማው በሹክሹክታ ነበር። በኋላ ወሎ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች ያመጧቸው ፎቶግራፎች አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ተማሪው በሰልፍ እየገባ በእንባ ይወጣል። እኔ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እየሄድኩ የእናቴን ፊት ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁትም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

በዚያ ሳምንት ዳንሱ ቀረ። በእነዚያ ልጆች ላይ መቀለድ ይቀለኛል፤ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ለቅሶአቸው የውሸት አልነበረም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ እነሱም ከልባቸው ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ መስኮት ላይ ሳይቀር ተንጠልጥለዋል። አንድ ቀጭን ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ «ከነገ ጀምሮ ቁርሳችንን እንተው! የቁርሳችን ዋጋ ለወሎ ይሁን!» አለ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። «ቁርሳችን ለወሎ!» እያለ ሁሉም ተቀባበለው።

ጆንያዬ ገና እኩሌታው ላይ ነበር። ቁርሱ ከቀረ የእራቷ ዳቦ ብቻዋን ጆንያ አትሞላም፤ ጆንያው ካልሞላ እናቴ የለችም። ይሰበሰባል የተባለው ገንዘብ ደሴ ደርሶ፣ ከደሴ ደግሞ ያን ሁሉ ገደልና ሸለቆ ተሻግሮ ቦረና እስኪገባ ድረስ ማን ይቆያል? መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። እጄን አወጣሁ። አልታየሁም። ወንበር ላይ ቆምኩ።

ልናገረው የፈለግኩት ቀላል ነበር፦ ዳቦው አይቅር፤ ይሰጠን፣ እናድርቀው፤ የወሎ ልጆች ለየመንደራችን ተሸክመን እናድርስ። ነገር በመግቢያው ያምራል ብዬ ግን እንዲህ ስል ጀመርኩ፦

«እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። እናቴና እህቴ ቦረና ውስጥ እየተራቡ ነው...»

ከዚህ አላለፍኩም። አዳራሹ ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው እግሬን ያዘ፣ ሌላው ወገቤን፤ ሳላስበው ትከሻ ላይ ወጣሁ። እየዘፈኑ ዞሩ። «ግን...» አልኩ፤ «ቆይ ስሙኝ...» አልኩ፤ ማን ሰምቶ! አንዲት ልጅ ከሥር ሆና እጄን እየሳመች ታለቅስ ነበር። የጎበዝ ሁሉ ጎበዝ ተብዬ እንደ ታቦት ግቢውን ዞርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት የለም፤ እንደዚያ ቀንም ጨንቆኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ካፌው ጠዋት ተዘጋ። ዶርም ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደተኛሁ የሐረሩ ልጅ «የትናንቱ ጀግና፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። ዞሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጆንያውን፣ ክሩን፣ አዳራሽ ውስጥ ሳልጨርሰው የቀረሁትን።

«አቦ፣ ለምን አልነገርከንም? በእናትህ ስንቅ ላይ ስንስቅ መክረማችን ነው?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም እራት ላይ የሚሰጣቸውን ዳቦ በየኪሳቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። ቁርስ የለ፣ እራት የለ፤ በምሳ ብቻ ውለው ያድራሉ። የሐረሩ ልጅ ጊታሩን ሲመታ ሆዱ አብሮ ይጮሃል። የመስኮታችን ደፍ ዳቦውን አልችል ሲል የአዲስ አበባው ልጅ የሚንከባከበውን የዳንስ ጫማ ከሳጥኑ አውጥቶ ሳጥኑን ለማስጫ ሰጠኝ። ጆንያው ሞላ።

ብዙም ሳይቆይ ግቢው ታመሰ፤ ትምህርት ተቋረጠ፤ ፖሊስ ገባ። ገና እስኪደርስ አልጠበቅኩም። የአዲስ አበባው ልጅ ያን ሰፊ ቦላሌ ሱሪውን እንደለበሰ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ።

ደሴ መግቢያ ላይ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ነበር። ተቀምጦ፣ ተኝቶ፣ ልጅ አቅፎ። ራቅ ብሎ ድንኳኖች ይታያሉ፤ አፍሯቸውን ያሳደጉ ተማሪዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በቁርሳችን ዋጋ ዳቦ እየተጋገረ የሚታደለው እዚያ ነው አሉ። በአውቶቡሱ መስኮት አየኋቸው። የእኔ ሰዎች ቦረና ናቸው፣ ልድረስላቸው ብዬ ወደ ምዕራብ የሚሄድ የጭነት መኪና ፍለጋ ሮጥኩ። መኪናው እስከሚችለው ወሰደኝ፤ የቀረውን ጆንያዬን አዝዬ በእግሬ ተያያዝኩት። ወደ ደሴ የሚወርደው ሰው ሁሉ ፊቴን ሳይሆን ጆንያውን ነበር የሚያየው። ለአንዳንዱ ሰጠሁ፤ አንዳንዱን ዓይኔን ሰብሬ አለፍኩት። የሰጠሁትም የነፈግኩትም እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

መካነ ሰላም ገበያ ላይ እህል አልነበረም። ሰው የቤቱን በርና የጣራውን ወጋግራ ነቅሎ ለማገዶ ይሸጣል። ሳልቀመጥ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። የግቢው መግቢያ በእሾህ ተዘግቷል። አመዱ ቀዝቅዟል። ቆሜ ስጣራ ጎረቤታችን፣ ከአባቴ ጋር በሬ ያቀናጁ የነበሩት ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ያረቢ! አንተ ልጅ፣ ከየት መጣህ?»

«ደህና ሰነበቱ አባባ? እናቴስ?»

«እናትህማ አንተን ልትቀበል ወደ ደሴ ወርዳለች፤ እህትህንም ይዛ።»

አልገባኝም። ቁጭ በል ብለው ነገሩኝ። አንድ ነጋዴ ከደሴ ወሬ ይዞ ገበያ ገብቶ ነበር። ተማሪዎች ለወሎ ብለው ቁርሳቸውን ተዉ፤ አንድ የቦረና ልጅም ተነስቶ ስለ እናቱ ተናገረና በትከሻ ተሸከሙት፣ አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ በዚያ አቅሟ እልል አለች።

«'ልጄ ነው! ልጄ ጮኸልኝ! እህል ይዞ ይመጣል፤ ይሄን ገደል ግን ሸክም ይዞ አይወጣውም፤ ወርጄ ልቀበለው' አለች» አሉ ሽማግሌው። «ተይ ብንላት እሺ አላለችም። እህል በኩታበር በኩልም ገብቷል ሲባል ሰምታ በዚያው መንገድ ወረደች። አብሽር ልጄ፣ ትደርስባቸዋለህ።»

ያ ወንበር ላይ ቆሜ ያልጨረስኩት ንግግር ነው ከቤቷ ያስወጣት። ባልናገር ኖሮ አዳራሹ አያጨበጭብም፤ ባያጨበጭብ ነጋዴው የሚያወራው የለውም፤ ነጋዴው ባያወራ እናቴ ደጇ ላይ ተቀምጣ እኔን ከነጆንያዬ ታገኘኝ ነበር። ለሽማግሌው ከድርቆሹ በሁለት እጄ ዘግኜ ሰጠኋቸው። ሳይቀምሱት እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልኝ፤ እኔ «አሚን» ብዬ ተነሳሁ።

በሄዱበት መንገድ ተከተልኳቸው። በመቅደላ አምባ ግርጌ አለፍኩ። ግቢያችን ውስጥ በግጥም ምሽት ይህን አምባ ያላወደሰ ተማሪ አልነበረም፤ እኔም አንድ ጊዜ ገጥሜለት ተጨብጭቦልኛል። ከሥሩ ሆኖ ለሚያየው የተራበ ሰው ግን አቀበት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ኩታበር ስደርስ እናትና ልጅ አይታችሁ እንደሆነ እያልኩ ጠየቅኩ። እናትና ልጅ ያላየ አልነበረም፤ መንገዱ ሁሉ እናትና ልጅ ነበር።

እህቴን ያገኘኋት ደሴ፣ ያኔ በአውቶቡስ መስኮት ያየኋቸው ድንኳኖች አጠገብ ነው። ካስማ ተደግፋ ተቀምጣለች። በጣቷ ላይ ክር የተጠመጠመበት ቀለበት አየሁ፤ ክሩ ከበፊቱ ወፍሯል። ያን ጊዜ ሳትነግረኝ አወቅኩ። እሷም አላለቀሰችም።

«ዳቦ አልሰጧችሁም ነበር?» አልኳት።

«ይሰጡን ነበር። እኔ በላሁ።»

«እሷስ?»

«መጀመሪያ ቀን ዳቦውን የሰጣትን ልጅ 'ይሄ ተማሪዎቹ የተዉት ነው ወይ?' ብላ ጠየቀችው። 'አዎ እናቴ፣ ከቁርሳችን ቀንሰን ያመጣነው ነው' አላት። ከዚያ ወዲያ አልቀመሰችውም። 'የልጄን ቁርስ ከአፉ ነጥቄ እንዴት እውጠዋለሁ? ሲመጣ ይበላዋል' አለች። ብዪ ብላት፣ ብለምናት ውሃ ብቻ ነበር የምትጠጣው። ለመጣ ተማሪ ሁሉ 'ልጄ አብሯችሁ አለ?' ትላለች።»

ያ ልጅ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክፉ አልነበረም። በተራበ አንጀቱ ደስ ብሎት ነው የነገራት፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እላት ነበር።

እህቴ ከጀርባዋ የእናቴን ነጠላ አወጣች። ጫፉ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ዳቦ ነበር፤ በጣት ውፍረት ተቆራርጦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ።

«'ቁርሱን ሳይበላ ነው የሚመጣው፣ መጀመሪያ ይሄን ስጪው' ብላኛለች። ብላ» አለችኝ።

ጆንያዬን ከጀርባዬ አውርጄ አጠገቤ አስቀመጥኩትና በላሁ። ደረቅ ስለነበር ለመዋጥ አስቸገረኝ። እህቴ እስክጨርሰው ድረስ ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሳችም።